በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ

እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ ሁለት ነገር አስያዘችኝ። በምሳ ዕቃ ሽሮ በእንጀራ፣ በፌስታል ደግሞ አራት ልቃቂት ፈትል። ከምግቡ ይልቅ የፈትሉ ነገር ነበር የሚያስጨንቃት።

«ምግቡን ከመለሱብህ መንገድ ላይ ብላው» አለችኝ። «ፈትሉን ግን በወንድምህ እጅ ሳታስይዝ እንዳትመጣ።»

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ፌስታሉን አየው። አየውና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። በቤታችን ስለ ፈትሉ አይነገርም ነበር።

እስከ አምበር አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ከተማ። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ፖሊሱ ሽሮውን በማንኪያ አማሰለው፣ እንጀራውን ከፋፈለው፣ ከዚያ ፌስታሉን ከፈተ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ልታንቁት ነው?»

«ለሥልጠናው ነው።»

«ለሽመናው? ያ ሸማኔው ወንድምህ ነው?»

በእኛ አገር ይህች ቃል ዱላ ታማዝዛለች። እሱ ግን አንድ የሚያውቀውን ጎበዝ ሠራተኛ እንደሚጠራ ነበር የተናገረው። «አዎ፣ ወንድሜ ነው» አልኩት። አንገቴን ሳልደፋ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ፈትሉን መዝግቦ አሳለፈልኝ።

ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙት በሁለት የእንጨት አጥር መሐል ነው። እኛ በዚህ፣ እነሱ በዚያ። መሐል ላይ አንድ ፖሊስ ይመላለሳል። ሁሉም ስለሚጮኽ አንተም ካልጮኽክ አትሰማም። ወንድሜ ከሩቅ ሲያየኝ እንደ ልማዱ ጀመረ።

«አስኳላው! ፈተናውን ከወደቅክ ወዲህ ወፍረሃል እኮ። መውደቅ ተስማማህ!»

«አንተስ መታሰሩ ተስማማህ» አልኩት።

አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሱም ሳቀ። አስኳላው የሚለኝ ከቤታችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ እሱ ግን ስሙን አልቀየረልኝም።

ስለ ጋቢው ጠየቅኩት። የሽመና ሥልጠናው የሚያልቀው አንድ ሙሉ ጋቢ ሠርተህ ስታስረክብ ነው። ጋቢው በሁለት ቁራጭ ይሠራና ይሰፋል። አንደኛውን ጨርሶ አጥፎ እንዳስቀመጠው፣ ሁለተኛው ሦስት ክንድ እንደቀረው ነገረኝ።

«ማግ አልቆብኝ ነው እንጂ ይኼን ጊዜ ሰፍቼው ነበር። አሁን ፈትሉ መጣ። አምስት ቀን በለው። ቢበዛ ስድስት። አሠልጣኙ ይለካል፣ ይፈርማል፣ ምስክር ወረቀቱ ይወጣል። የአመክሮ ኮሚቴው የሚቀመጠው ወር ሲያልቅ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በሬዎቹን ለእኔ ትለቃለህ። አንተ ስታርስ መሬቱ ይስቃል አሉኝ።»

ከዚያ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ «አባዬ ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም አላለም።»

«ፈትሉን አይቶታል?»

«አይቶታል።»

«አይቶት ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

«እንግዲያው ሊለብሰው ነው» አለ።

ሰዓት አልቋል ሲባል በቀኝ እጁ ሆዱን ያዝ አድርጎ ነበር የተነሣው። ምነው አልኩት። «የትናንቱ ባቄላ ነው፤ ሸማኔ ተቀምጦ ስለሚውል ነፋስ ይይዘዋል» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ስቄ ሄድኩ።

እንግዲህ ወንድሜን ያየሁበት የመጨረሻው ቀን ያ ነው። ሌላ የለውም። ብዙ ጊዜ ተመልሼ አየዋለሁ፤ ሽሮና ፈትል፣ ጩኸትና ቀልድ ብቻ ነው የማገኝበት።

ወንድሜ ሲታሰር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሁን ሃያ አንድ ሆኖኛል። ጸቡ በበጋ፣ በመስኖ ውኃ ተራ ላይ ነው የተነሣው። ውኃውን ከተራው በፊት ማን አዞረ በሚል ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተጣሉ። ወንድሜ በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይህን የምጽፈው ለማቃለል አይደለም። የልጁ እናት ጥቁር እንደለበሰች ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲፈረድበት ከቤታችን «በዛ» ያለ ሰው የለም። ቆይቶ ሽማግሌዎች ገቡ፣ ካህናት መስቀል ይዘው ቆሙ፣ እርቅ ወረደ። በዚያ በኩል ያለው አለቀ። ያላለቀው ሌላው ነው።

ማረሚያ ቤቱ ጠያቂ የሚጠብቅበት ክፍል ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የአመክሮ መስፈርት ይላል። አመክሮ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ከፍርዱ ከሦስት እጅ ሁለቱን የጨረሰ እስረኛ ጠባዩ ታይቶ ቀሪውን ውጭ ሆኖ እንዲጨርስ መልቀቅ ነው። ለእኛ ስምንት ዓመት ማለት ነበር። ወረቀቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ተራ ስጠብቅ ሌላ የሚነበብ ነገር ስለሌለ በቃሌ ያዝኩት። ለፈተና እንዲህ አጥንቼ ቢሆን ኖሮ አልወድቅም ነበር።

የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ይላል። ከበደላቸው ጋር የታረቀ ይላል። በጥፋት ያልተቀጣ ይላል። ቢያንስ አንድ የሙያ ሥልጠና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትሎ ምስክር ወረቀት ያገኘ ይላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሥልጠና ስላቋረጡ ሰዎች ተጽፏል። በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ያቋረጠ በሚቀጥለው ዙር ካቆመበት ይቀጥላል። በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ግን ለሁለት ዓመት በየትኛውም ሥልጠና አይመዘገብም።

ወንድሜ በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ነው። መዝገቡ እንዲህ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲታሰር አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረሰም ነበር። እስር ቤት ሆኖ ስምንተኛ ደረሰ። ከዚያ ፊደል የማያውቁ እስረኞችን ማስተማር ጀመረ። በአሻራ ሲፈርሙ የኖሩ ሽማግሌዎች በእሱ እጅ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ለምስክር ወረቀት ግን ይህ አልተቆጠረለትም። ማስተማር አገልግሎት ነው እንጂ ሥልጠና አይደለም አሉት። አገልግሎት ምስጋና ያስገኛል፤ አመክሮ የሚያስገኘው ሥልጠና ነው። አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ሲቀረው ሽመና ውስጥ ቦታ ተገኘለት። የእንጨት ሥራው ሞልቶ ነበር። ገባ። በጥቂት ወር ከሁሉም በለጠ። እጁ ከድሮም ትዕግሥት ነበረው፤ ቤት ሳለ ጅራፍ ሲገምድ እንኳ አይቸኩልም።

ለእኛ አልነገረንም። አባቴ የሰማው በማኅበር ላይ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በሚካኤል ማኅበር ተሰብስበው ሲጠጡ፣ በቅርቡ ከእስር የወጣ ሰው ሊያመሰግን ብሎ «የአንተ ልጅ እኮ ሸማ ቢሠራ እንደሱ የሚሠራ የለም» አለው። ሰውየው ደግ አስቦ ነው። ቤቱ ግን ፀጥ አለ። ከዚያ አንዱ ጀመረ።

«እሰይ! ከእንግዲህ ጋቢ ለማሠራት ሩቅ አንሄድም።»

ሌላው ተቀበለው። «ቁጢት በጣሽ ጎረቤት ማግኘት መታደል ነው።»

ቁጢት በጣሽ ሸማኔን የሚሰድቡበት ነው። አባቴ ዋንጫውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ለሳምንት ያህል እቤት ውስጥ አልተናገረም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠራኝ።

«ነገ ስትሄድ እንዲህ በለው። እጁን ከዚያ የሸማኔ ጉድጓድ ያውጣ። እኔ የወለድኩት ገበሬ ነው፣ ሸማኔ አይዶለም። እምቢ ካለ አባት የለኝም ይበል። እኔም አንድ ልጅ ነው ያለኝ እላለሁ።»

ይህን ሲናገር ጋቢ ለብሶ ነበር። እናቴ የፈተለችው፣ ሸማኔ የሠራው ጋቢ። አሁን ነው የታየኝ። ያኔ አልታየኝም።

እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ወሬው ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ስገባ ሲያዩኝ በእግራቸው እንደ ሸማኔ ይረግጡ ነበር። አንዱ ሲጀምር ሁሉም። ወለሉ ይንጓጓል። ስለዚህ የአባቴን መልእክት ስሸከም የእሱን ብቻ አልነበረም የተሸከምኩት። መልእክተኛ ሊያለሳልስ ይችላል። «አባዬ ትንሽ ቅር ብሎታል» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። በአጥሩ መሐል ጮኼ ነው የነገርኩት፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

ወንድሜ አጠገቡ ያሉትን ዞር ብሎ አየ።

«ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ» አለኝ።

«እንዲህ ብሏል ልበለው?»

«አይ። አባት ነው።»

ከዚያ ደግሞ እንደ ቀልድ አድርጎ «ጋቢውን ለብሶ ሸማኔውን የሚጠላ አገር» አለ። በዚያው ተነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ቅጽ ይዞ መጣ። አሠልጣኙም አብሮት ነበር። አሠልጣኙ እስረኛ አይደለም፤ ከውጭ እየመጣ የሚያስተምር፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ ሽማግሌ ነው። ወንድሜ ወረቀቱን በፖሊሱ በኩል አሳለፈልኝ።

«የመንግሥት አማርኛ ነው። አስኳላው፣ አንተ እየው።»

አየሁት። ሥልጠናውን ያቋረጠበት ምክንያት ይላል። ሦስት ባዶ ሣጥን አለ። በሕመም። በቤተሰብ ችግር። በራሴ ፈቃድ።

አሠልጣኙ ከወዲያ ሆኖ «የቤተሰብ ችግር በል ልጄ፤ የእሱን ምልክት አድርጉ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አላብራራም። ፖሊሱ በመሐል አለፈ፣ ሰውም ይጮኽ ነበር። እኔም አልጠየቅኩም።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። የቤተሰብ ችግር ብለን ከፈረምን አባታችንን በመንግሥት ወረቀት ላይ ችግር ብለን ከሰስነው ማለት ነው። እኛ ዘንድ የአባት ነገር በደጅ አይወራም፤ እንኳን ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ሊጻፍ። ለወንድሜ ይህንኑ ነገርኩት። ተስማማ። እንዲያውም ኮራብኝ መሰለኝ። «ልክ ነህ። ገመናችንን ፋይል ውስጥ አንከትም» አለ። በራሴ ፈቃድ የሚለው ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ እስክርቢቶ። እሱ ከሥሩ ፈረመ። ፊርማው ቆንጆ ነበር።

የግድግዳውን ወረቀት እስከዚያ ቀን ድረስ ከላይ ከላይ ነበር የማነበው። ደቃቁን ፊደል ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ ነገሩን ስነግረው «ልጄ ነው» አለ። በሚቀጥለው ማኅበር ቀና ብሎ ሄደ።

ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ወንድሜ ለአመክሮ አመለከተ። አንድ ወር ጠበቅን። ይመጣል ብላ እናቴ ግድግዳውን አስለሰነች። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ የሥልጠና መስፈርት ስላላሟላ አላለፈም ይላል። መዝገብ ቤት ሄጄ ለመንኩ። ያኔ ያነጋገሩኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። ፋይሉን አውጥተው ቅጹን አሳዩኝ። የእኔ የእስክርቢቶ ምልክት።

«በፈቃዴ ነው ብሏል፤ እኛ ምን እናድርግ?»

«አባቴ ነው እኮ ያስቆመው።»

«እንዲህ የሚል ቃል እዚህ የለም።»

«አሁን ልጻፈዋ!»

«የኔ ወንድም፣ የተፈረመ ወረቀት በወሬ አይሻርም።»

ትክክል ናቸው። የሚያበሳጨው ይህ ነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ አባቴ በራሱ አገር ሚዛን ትክክል ነው፤ እኔም አባቴን ለመሸፈን ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ ወንድሜ ግን ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ዓመት እስኪሞላ ግማሽ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ እንደገና ሽመና ተመዘገበ፤ እንደ አዲስ፣ ከመጀመሪያው። ካቆመበት ይቀጥላል የሚለው ለእሱ አይሠራም። በሁለት ሳምንት ያልቅ የነበረው የድሮው ጋቢ ከሸማው ዕቃ ላይ ወርዶ ጠፍቷል።

በዚህኛው ጊዜ አባቴ መልእክት አልላከም። እናቴ በግልጽ ፊቱ ላይ መፍተል ጀመረች። እሱ እንዝርቱን እያየ ዝም ይላል። ለዘጠኝ ወር ዝም አለ።

ፈትሉን ባደረስኩ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ማታ ሆዱን ሲያመው ወዲያው ሐኪም ቤት ወስደውታል። ትርፍ አንጀቱ ነው፤ ፈንድቶ ነበር አሉ። ሐኪሞቹ ሞክረዋል፤ ሌሊቱን ሞተ። ያመጡት ፖሊሶች ሳይቀሩ በር ላይ ሲያለቅሱ ነበር። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ምናልባት እቤት ቢሆንም ያመው ነበር። ምናልባት ከእኛ ቀበሌ ሐኪም ቤት እስኪደርስ የባሰ ይሆን ነበር። ይህን እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ግን በጊዜው ቢለቀቅ አንድ ዓመት እቤቱ ይኖር ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት። አንድ ክረምት ያርስ ነበር። ይህንን የሚያስረሳ ምክንያት አላገኘሁም።

ሬሳው ቀትር ላይ ደረሰ። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ወንድሜ በውኃው ጸብ የገደለው የጎረቤታችን ልጅ ወንድም መጥቶ ቃሬዛውን በቀኝ በኩል ተሸከመ፤ ማንም አልጠራውም። አባቴ አላለቀሰም። ሰው ከመቃብሩ መመለስ ሲጀምር ክንዴን ያዘኝ። እጁ ከበደኝ።

«ጋቢውን ጨርሶት ነበር?» አለኝ።

ስለ ሽመናው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። መልሱን አውቃለሁ፤ ሦስት ክንድ። ግን አልነገርኩትም። ሦስት ክንድ ቀርቶታል ብሎ መናገር ለምን እንደቀረውም መናገር ነው። «አላውቅም፤ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ተነሣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ መግባት ጀምሮ ነበር። አክስቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«ሐዘን ትቶ ወዴት ነው? ሣልስቱ ሳይወጣ! ሰው ምን ይላል?»

«የጀመረው ሥራ አለ፤ ላመጣው ነው» አልኳት። አባቴ ከውስጥ ሰምቶኛል። አልከለከለኝም።

ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ያ ፖሊስ አወቀኝ። ምንም ሳይፈትሸኝ አስገባኝ። ወደ ሽመናው ክፍል ያስገቡኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሸማኔ ተቀምጦ እግሩን የሚያስገባባቸው ጉድጓዶች በተርታ ናቸው። የወንድሜ ከመስኮቱ ሥር ነው። ድሩ ተወጥሮ፣ መወርወሪያው ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ የላከችው አራት ልቃቂት ጠርዙ ላይ በፌስታሉ እንዳለ ነው፤ እሑድ ሥራ ስለሌለ አልፈታውም። ሌሎቹ ሠልጣኞች መርገጣቸውን አቆሙ።

አሠልጣኙ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ። «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። ከዚያ ጨርቁን በክንዱ ለካው። ሦስት ክንድ፣ ትንሽ ይበልጣል።

«እኔ ልጨርሰው ልጄ። ሦስት ቀን አይፈጅብኝም። ልዩነቱን ማንም አያውቀውም።»

«አይ መምህር፤ ይቆረጥ። እንዳለ ነው የምፈልገው። አባቴ የት እንዳደረሰው ጠይቆኛል።»

ሽማግሌው መቀሱን አነሣ። ድሩን ረዘም አድርጎ ቆረጠው፤ ክሩ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። ካለቀው ቁራጭ ጋር አጥፎ ሰጠኝ። ከባድ ነበር። ሽመናው ጥብቅ ነው፤ በጣቴ ስነካው ክፍተት የለውም።

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ወንድሜ የለበሰውን ልብስ፣ ሁለት ደብተር፣ አንድ ብርድ ልብስ ቆጥራ አስፈረመችኝ። አብቅታ «ጨርሰናል፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች። አልተነሣሁም።

«አንድ ወረቀት ቢሰጡኝ?»

ሰጠችኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በእሱ ላይ ደብተሩን አስደግፌ ጻፍኩ። ማመልከቻ መጻፍ ስምንተኛ ክፍል ነው የተማርነው። ቀኑን በቀኝ፣ ጉዳዩን በመሐል። ጉዳዩ፦ ምክንያት እንዲታረም ስለመጠየቅ። ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ። ወንድሜ የሽመና ሥልጠናውን በመጀመሪያው ዙር ያቋረጠው በራሱ ፈቃድ አይደለም። በቤተሰብ ችግር ነው። ችግሩ አባታችንና እኔ ነን። ቅጹ ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ልጅቷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ አሁን ምንም አያደርግልህም። ለሞተ ሰው አመክሮ የለም።»

«አመክሮ አልጠየቅኩም።»

«ፋይሉ ዛሬ ይዘጋል።»

«ሳይዘጋ ይግባ።»

«የሚያነበው ሰው የለም፣ እውነቴን ነው።»

«እርስዎ አንብበውታል እኮ» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ወዲያ ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች ዞሩ።

ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ ፋይሉን አወጣች። ወፍራም ነው። የድሮውን ቅጽ ፈልጋ አገኘችው፤ የእኔን ወረቀት ከላዩ አደረገችና በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። «ገቢ» የሚል ማኅተም መታችበት፣ ቁጥር ጻፈችበት፣ ፎቶ ኮፒ አንሥታ ቅጂውንም ማኅተም አድርጋ ሰጠችኝ።

ቅጂውን አጥፌ በጋቢው እጥፋት ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ የማነብለት እኔ ነኝ። ልቃቂቶቹን በፌስታሉ ያዝኩ፣ ጋቢውን ብብቴ ሥር አደረግኩ፣ የአምበር ሚኒባስ ወደሚነሣበት በእግሬ ሄድኩ።